ጉልበት ከጣሳ ወይስ ከሌማት?



በዚህች ጋዜጣችን ስለ ስፖርት በተጻፈ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ የሚለው ነው። ዛሬ ግን ከግቡና ከነጥቡ ጥቂት ራቅ ብለን፣ ተጫዋቹና ሯጩ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ወደ ሆዱ ስለሚያስገባው ነገር አሳባችንን ልንገልጽ እንወዳለን። ምክንያቱም ጉዳዩ የጥቂት ጂም አዘውታሪዎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሁላችንም፣ በተለይም የማኅበራችን ገንዘብ ጉዳይ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመኝታ ክፍሎቻችን አልጋ ሥር፣ ቀድሞ በሶና ዳቦ ቆሎ ይቀመጥበት በነበረው ስፍራ፣ ደረቱ እንደ ቋጥኝ የተወጠረ ሰው ሥዕል የተለጠፈበት ጣሳ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። በጣሳው ውስጥ ያለው ዱቄት ወይም እንክብል «ሳፕሊመንት» ይባላል። አንዱ ጡንቻ ያፈረጥማል፣ ሌላው ስብ ያቀልጣል፣ ሦስተኛው ድካም ያስረሳል ይባልለታል። የአንዱ ጣሳ ዋጋ ለብዙዎቻችን ከቤተሰብ በወር ከሚላክልን ገንዘብ ይበልጣል። ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ አባት ድንቹን በጆንያ ወደ ገበያ አውርዶ፣ እናት ቅቤዋን ሸጣ የሚልኩት ነው። ይህም አንሶ፣ ለመጪው ውድድር ከማኅበሩ የስፖርት ገንዘብ ላይ ለቡድኖቻችን ይኸው ዱቄት ይገዛላቸው የሚል አሳብ ቀርቦ በየጠረጴዛው ያከራክራል።

እኛ ይህን አሳብ እንቃወማለን። የምንቃወመው ግን ነገሩ አዲስ ነው፣ ከውጭ የመጣ ነው ብለን በጭፍን አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድን ነገር ከመውደዱም ሆነ ከመጥላቱ በፊት መመርመር ይገባዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጡንቻ በምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎም ጣሳው በዚህ ሥራ ላይ ምን ሊጨምር እንደሚችል እንመልከት። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጡንቻችን የሚኮማተረው ኤ.ቲ.ፒ. በሚባል ንጥረ ነገር ጉልበት ነው። በጡንቻ ውስጥ ያለው የዚህ ነገር ክምችት እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ፣ ባይተካ ኖሮ በሙሉ ኃይሉ ለሚሮጥ ሰው ከጥቂት ሰኮንዶች አያልፍም ነበር። ሰውነት ግን ሳያቋርጥ ይተካዋል። የሚተካባቸው መንገዶች በዋናው ሦስት ናቸው፤ የሦስቱንም ጠባይ የአዊ ልጅ ከምድጃ ዳር በሚገባ ያውቀዋል።

አንደኛው እንደ ጭድ እሳት ነው፤ ቦግ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ይህም ፎስፎክሬቲን የሚባለው ሲሆን 10 ሰኮንድ ያህል ለሚቆይ ሩጫ፣ ለዝላይ፣ ክብደት ለማንሣት ያገለግላል። ሁለተኛው እንደ ከሰል ነው። ከምንበላው እንጀራ፣ ዳቦና ድንች የሚገኘው ስኳር በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ ይከማቻል፤ በጡንቻ ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም፣ በጉበት ውስጥ ደግሞ 100 ግራም ያህል ይገኛል። ጠንከር ያለ ሥራ፣ ኳስም ሆነ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ፣ በዋናው የሚነደው በዚህ ከሰል ነው። ሦስተኛው እንደ ትልቅ ግንድ ነው፤ ይህም ስብ ነው። ከቀጭኑም ሰው ሰውነት ውስጥ ለብዙ ቀን የሚበቃ ይገኛል፤ ግን ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ብቻውንም ሆኖ ለኃይለኛ ሩጫ የሚበቃ ሙቀት አያወጣም። ሯጭ «እግሬ ከዳኝ» የሚለው ስቡ አልቆበት ሳይሆን ከሰሉ አልቆበት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የእኛን አገር የሚመለከት ነገር እንጨምር። አንድ ሊትር ኦክሲጅን ተጠቅሞ ካርቦሃይድሬት የሚያነድድ ጡንቻ 5 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲያገኝ፣ ስብ የሚያነድደው ግን 4.7 ያህል ብቻ ያገኛል። ልዩነቱ ከ100 እጅ 7 እጅ ገደማ ነው። ቆሰበር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በቆላ ካለው ያንሳል። ኦክሲጅን ውድ በሆነበት አገር ኦክሲጅንን የሚቆጥብ ማገዶ መምረጥ ብልህነት ነው። ማገዶውም በገበያችን በጆንያ የሚሸጠው ድንችና ገብስ ነው።

ይህ የእኛ ግምት አይደለም። በ1966 ዮናስ ቤርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን የተባሉ ሁለት የስዊድን ሐኪሞች በአንድ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪደክሙ ድረስ ገፉ። ከዚያም ከሁለቱም እግሮቻቸው በመርፌ ጥቂት ሥጋ አውጥተው መረመሩ። በሠራው እግር ውስጥ ግላይኮጅኑ ተሟጦ ሲገኝ፣ ባረፈው እግር ውስጥ ግን እንዳለ ነበረ። ቀጥሎ ለሦስት ቀን ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ በሉ፤ የሠራውም እግር ክምችት ካልሠራው ወደ እጥፍ ገደማ ከፍ አለ። በሚቀጥለው ዓመት በ1967 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ የተቀላቀለ ምግብ የበሉ ሰዎች እስኪደክሙ ድረስ ብስክሌት የገፉት በአማካይ ለ114 ደቂቃ ያህል ነበር። እነዚያው ሰዎች ስብና ፕሮቲን ብቻ ሲበሉ ቆይታቸው ወደ 57 ደቂቃ ወረደ። ካርቦሃይድሬት ሲበሉ ግን ወደ 167 ደቂቃ ወጣ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ብስክሌቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ማዕዱ ብቻ ነው። የአንድን ሰው ጽናት በሦስት እጥፍ ገደማ ሊለውጥ የሚችል ዱቄት ከየትኛው ጣሳ ይገኛል?

«ይህ የስዊድን ነገር ነው፤ የእኛስ?» የሚል ቢኖር፣ የእኛም ተመዝኗል። በ2011 በታተመ ጥናት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖሩና የሚሠለጥኑ 10 ስመ ጥር የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ለ7 ቀን የሚበሉት ሁሉ እየተመዘነ ተመዘገበ። ከሚያገኙት ኃይል ውስጥ ከ100 እጅ 64 እጅ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት የተገኘ ነበር። በቀን በአማካይ 545 ግራም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 9.7 ግራም መሆኑ ነው። ፕሮቲናቸውም ከሦስት እጅ በላይ ከአራት እጅ፣ ከእህልና ከጥራጥሬ የመጣ ነው። ከምግባቸው በጠቅላላው ከ100 እጅ 88 እጅ ያህሉ ከዕፀዋት የተገኘ ነበር። የእነዚህን ሰዎች ማዕድ ብናየው እናታችን የምታቀርብልን ዓይነት ነው። ልዩነቱ በመጠኑና በሰዓቱ እንጂ በዓይነቱ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ በእርግጥ የሚነሣ ጥያቄ አለ። አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ሲፈጽም ዓለም ተደነቀ። ትዕግሥት አሰፋ ደግሞ በ2023 በበርሊን ያንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰኮንድ ፈጸመች። ይህ ሁሉ የመጣው በጣሳው አይደለምን? የሚል ይኖራል። ከ1964 ወዲህ ሥልጠናው፣ ጫማውና የውድድሩ አዘገጃጀት ሁሉ ተለውጧል። በመንገድ ላይ ለሯጮች የሚሰጠው ጠርሙስም ተለውጧል፤ ነገር ግን በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ስኳር፣ ውሃና ጨው ነው። የዘመኑ ሳይንስ ያገኘው ትልቁ ነገር ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉት ሁለቱ የስኳር ዓይነቶች በአንጀት ውስጥ በየራሳቸው በር ስለሚገቡ፣ አንድ ላይ ሲወሰዱ በሰዓት እስከ 90 ግራም ያህል ሊነድድ መቻሉን ነው። ሁለቱንም አጣምሮ የያዘው ታዲያ ማነው? ማር ነው! ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። በ2019 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ 12 ብስክሌት ነጂዎች በጉዞ ላይ የተፈጨ ድንች ሲመገቡ ያገኙት ውጤት በፋብሪካ የታሸገ የስኳር ዝልግልግ ሲወስዱ ካገኙት የማያንስ መሆኑን አሳይቷል፤ ሆዳቸውን መንፋቱ ግን ተመዝግቧል። የአዊን ድንች የሚንቅ የአዊ ተማሪ ይህን ልብ ይበል።

አሁን ወደ ጣሳው እንመለስና በቅን እንፍረድ። ከብዙ ሺህ ዓይነት ሳፕሊመንቶች መካከል የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ያሰባሰባቸው ሊቃውንት በ2018 ባወጡት መግለጫ፣ የስፖርት ብቃትን በቀጥታ ስለ ማሻሻላቸው በቂ ማስረጃ አላቸው ያሏቸው አምስት ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ካፌይን ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ሲወሰድ ድካምን ያዘገያል። ቀድሞ ስብን አስቀድሞ በማንደድ ግላይኮጅንን ይቆጥባል ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን ዋናው ሥራው በአንጎል ውስጥ የድካምን መልእክት ማገድ መሆኑ ታውቋል። ይህን ለማግኘት ጣሳ መግዛት ያስፈልጋልን? ቡናን ለዓለም ያበረከተች አገር ልጅ ካፌይንን በእንክብል ሲገዛ ማየት ያስገርማል። ይሁን እንጂ ሲበዛ ልብ እንደሚያስመታና እንቅልፍ እንደሚነሣ መርሳት አይገባም፤ እንቅልፍ ያጣ ደግሞ ልምምዱንም ፈተናውንም ያጣል።

ሁለተኛው ክሬቲን ነው። ይህ በሥጋ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ነገር ሲሆን ሰውነትም ራሱ ያዘጋጀዋል። በ1992 በታተመ ጥናት ሲወሰድ በጡንቻ ውስጥ ያለውን ክምችት እንደሚያሳድግ ታወቀ። የጭዱን ክምር ያበዛል ማለት ነው፤ አጭርና ተደጋጋሚ ሩጫ ላለበት፣ ክብደት ለሚያነሣ ይረዳል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ክምችታቸው አነስ ያለ ስለሆነ ጥቅሙ በእነርሱ ላይ ጎላ ብሎ ይታያል፤ ይህም በዓመት ብዙ ቀን ለምንጾመው ለእኛ እውነት ሊሆን ይችላል። ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ክሬቲን ውሃ ስለሚይዝ ክብደትን አንድና ሁለት ኪሎ ይጨምራል። ለረጅም ርቀት ሯጭ ያ ክብደት ዕዳ ነው።

ሦስተኛው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ በኩሽና የምናውቀው ቤኪንግ ሶዳ ማለት ነው። አራተኛው ቤታ አላኒን ነው። ሁለቱም ጡንቻ በኃይል ሲሠራ የሚፈጠረውን አሲድነት ለማርገብ ይረዳሉ፤ የሚጠቅሙትም በዋናው ለጥቂት ደቂቃ ለሚቆይ ብርቱ ትግል ነው። የፊተኛው ሆድ ይገለብጣል፤ የኋለኛው ለሳምንታት ካልተወሰደ አይሠራም፣ ቆዳንም ያሳክካል። አምስተኛው ናይትሬት ነው፤ ጡንቻ ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚፈልገውን ኦክሲጅን በጥቂቱ ይቀንሳል። የሚገኘው ከቀይ ሥር፣ ከቆስጣና ከሰላጣ ነው። በደንብ በሠለጠነ ሯጭ ላይ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

አምስቱም የሚያመጡት ለውጥ ጥቂት ነው። በኦሊምፒክ ሜዳ ላይ ያ ጥቂት በወርቅና በነሐስ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ቁርሱን ሳይበላ ሜዳ ለሚወጣ፣ በቀን አምስት ሰዓት ብቻ ለሚተኛ ተማሪ ግን ጣራ የሌለውን ቤት ቀለም እንደ መቀባት ነው። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ሳፕሊመንትም ምናልባት ያግዝ ይሆናል እንጂ አይዋጋልንም።

ከአምስቱ ውጭ ያለውስ? የፕሮቲን ዱቄት ምግብ ነው፤ ከምግብነት አያልፍም። «ዌይ» የሚባለው ውድ ዱቄት ከአጓት ውሃውና ስኳሩ ተለይቶ ወጥቶለት ፕሮቲኑ የደረቀ ነው። ምስርና ሽሮ፣ እንቁላልና ወተት በበቂ የሚያገኝ ሰው አይናፍቀውም። «አሚኖ» እየተባሉ ለየብቻ የሚሸጡትም ፕሮቲን ከነሙላቱ ለሚበላ ሰው የሚጨምሩለት ነገር ስለ መኖሩ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ቪታሚን ሲና ኢ በብዛት ሲወሰዱ ጡንቻን ያድሳሉ ይባላል፤ በ2009 የወጣ የጀርመን ጥናት ግን ስፖርት በሰውነት ላይ ከሚያመጣቸው ጥቅሞች አንዱን፣ ኢንሱሊን በሚገባ እንዲሠራ ማድረጉን፣ እንደሚያግዱ አሳይቷል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የራሱን ላብ ፍሬ ያጠፋል ማለት ነው።

ካርኒቲን የሚባለውን ነገር ታሪክ ግን ለብቻው እንንገር፤ የንግዱን ጠባይ ይገልጣልና። ካርኒቲን ስብን ወደ ሴል ማንደጃ ውስጥ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ሰውነት ራሱ ያዘጋጀዋል። ስለዚህ ነጋዴው «ካርኒቲን ግዛ፣ ስብ ይቀልጥልሃል፣ ትጠነክራለህ» ይላል። በሌላ በኩል ሜልዶኒየም የሚባል የልብ መድኃኒት አለ፤ ሥራው ሰውነት ካርኒቲን እንዳያዘጋጅ አግዶ፣ ጡንቻ በስብ ፈንታ ስኳር እንዲያነድድ ማድረግ ነው። ይህንንም አንዳንድ ስፖርተኞች «ያጠነክራል» እየተባለ ወሰዱት። ዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ድርጅት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ከለከለው፤ በዚያው ዓመት ብዙ ስፖርተኞች ተይዘውበታል፣ የአገራችንም ልጆች ስም ከጉዳዩ ጋር ተነሥቷል። እንግዲህ አስተውሉ፤ አንዱ ካርኒቲንን ጨምር ብሎ ያስከፍላል፣ ሌላው ካርኒቲንን ቀንስ ብሎ ያስከፍላል፤ ሁለቱም ጉልበት እሰጥሃለሁ ይላሉ። ሁለቱንም የሚያምን ሰው ኬሚስትሪ አልተማረም ማለት ነው። እኛ ግን ተምረናል፤ ቢያንስ ለፈተና።

ከሁሉም የከፋው በጣሳው ላይ ያልተጻፈው ነገር ነው። በ2004 በታተመ ጥናት ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ሳፕሊመንቶች ተመርምረው፣ ከእነርሱ 94ቱ፣ ማለትም ከ100 ውስጥ 15 ያህሉ፣ በመለያቸው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን አከል ነገር ተገኝቶባቸዋል። የስፖርት ሕግ ደግሞ «አላወቅሁም» ለሚል ምሕረቱ ጠባብ ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ስፖርተኛው ነው። ከመካከላችን ነገ አገራችንን ወክሎ ሊሮጥ የሚችል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ ማኅበሩ በገዛ ገንዘቡ ምንነቱን ያላወቀውን ዱቄት አጠጥቶ ዕድሉን ቢዘጋበት ምን ብለን እንመልሳለን?

ከወንድሞቻችን ጋር ስንከራከር የሚቀርቡልንን ሁለት መቃወሚያዎች እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው «ሌሎቹ ቡድኖች ይወስዳሉ፤ እኛ ብቻ ለምን እንቀራለን?» የሚል ነው። ይህ የፉክክር አነጋገር እንጂ የማስረጃ አነጋገር አይደለም። ጎረቤት ገንዘቡን ወንዝ ቢጥል እኛም ተከትለን እንጥላለንን? የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ ሲሰበሰቡ በእንጅባራ ሜዳ የምናየውን ትርኢት ሁላችን እናውቃለን። ፈረሰኛው ፈረሱን ለዚያ ቀን የሚያዘጋጀው ኮርቻውን በማሳመር ብቻ ነውን? ገብሱን ሳይሰጠው የከረመውን ፈረስ በዚያች ማለዳ አንድ ጭብጥ ዱቄት አፉ ውስጥ በትኖ ጋልብ ይለዋልን? ለፈረሱ የማያደርገውን ለገዛ ሰውነቱ የሚያደርግ ሰው ነገሩ ያሳዝናል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ያለ ነው። «ማዕዳችን ሙሉ አይደለም፤ ያንን ጉድለት ለመሙላት ነው ጣሳ የምንገዛው» ይላሉ። ይህን በአክብሮት እንቀበላለን፤ ተማሪ ሁሉ ጠግቦ አይሮጥም። ነገር ግን ማዕድ ቢጎድል መድኃኒቱ ማዕዱን መሙላት ነው። በአንድ ጣሳ ዋጋ ስንት ኪሎ በሶ፣ ስንት ኪሎ ድንች፣ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ገበያ ወጥቶ ማስላት የማንም ተማሪ ችሎታ ነው። ከ100 ግራም የገብስ ዱቄት 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይገኛል። 300 ግራም የተቀቀለ ድንች 60 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከልምምድ አንድ ሰዓት በፊት የሚበቃ ቁርስ ነው። ይህን ትቶ ከባሕር ማዶ ጣሳ መጠበቅ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚያሰኝ ነው።

አንድ እውነተኛ ጉድለት ግን አለ፤ እርሱም የብረት ማዕድን ማነስ ነው። ብረት በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የሚሠራበት ነው፤ በሴል ማንደጃ ውስጥም ያለ እርሱ እሳቱ አይነድም። ብረት ያነሰው ሯጭ የቱንም ያህል ቢበላ ምድጃው አየር ያጣ ይሆናል። ይህ ችግር በተለይ እኅቶቻችንን ያጠቃል። ሆኖም የብረት እንክብል የሚገባው ደሙ ተመርምሮ ማነሱ ለታወቀ ሰው ብቻ ነው፤ ላላነሰው አይጨምርለትም፣ ተከማችቶም ሊጎዳው ይችላል። ሳይመረመር ከመግዛት በፊት ሁላችንም ያለ ገንዘብ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ፤ ሻይና ቡናን ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ በኋላ ሰዓት አሳልፎ መጠጣት። ሁለቱም አንጀት ከምግብ የሚቀበለውን ብረት ይቀንሳሉና። በአንጻሩ ከወጡ ጋር አንድ ቃሪያ ወይም ጥቂት ሎሚ ቢጨመር ብረቱን ለመቀበል ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያስ ምን ይደረግ?» ለሚሉን የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ከማኅበሩ የስፖርት ገንዘብ ለማናቸውም ዓይነት ሳፕሊመንት መግዣ አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ የማኅበሩ ጉባኤ ይወስን። ለዚሁ የታሰበው ገንዘብ ለቡድኖቻችን በልምምድ ቀን ጧት በሶ በማር፣ ከልምምድ በኋላም የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ማቅረቢያ ይሁን። የጾም ቀን ሲሆን በእንቁላሉ ፈንታ ምስር ወይም ሽምብራ ይተካ። በሶ ሆድ ስለሚሞላ ከውድድር በፊት ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይበላ።

ሁለተኛ፦ የቡድን አባላት በሙሉ፣ በመጀመሪያም እኅቶቻችን፣ ውድድሩ ከመድረሱ በፊት የደም ምርመራ እንዲያገኙ ማኅበሩ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ይነጋገር። ውጤቱም የእያንዳንዱ ሰው ምስጢር ሆኖ ይጠበቅ።

ሦስተኛ፦ የስፖርት ሳይንስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራኖቻችን አንድ ምሽት ተሰብስበው ስለዚህ ጉዳይ ትምህርት እንዲሰጡን በትሕትና እንለምናለን። እያንዳንዳችን የገዛነውን ጣሳ ይዘን እንምጣ፤ በላዩ የተጻፈውን እያንዳንዱን ስም እነርሱ በአማርኛ ይተርጉሙልን። በክፍል የተማርነው የክሬብስ ዑደት ከፈተና ወረቀት ወጥቶ ወደ ኑሯችን የሚገባው እንዲህ ባለ ምሽት ነው።

አራተኛ፦ በገዛ ገንዘቡ መግዛት የሚፈልገውን ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጥ። በብሔራዊ ውድድር የሚሳተፍ ከሆነ ደግሞ ጣሳው ዋስ እንደማይሆነው ይወቅ።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ይህን የምንጽፈው ስፖርትን ለማዳከም አይደለም። በከፍታ ላይ የተወለደ፣ ተራራ እየወጣ ትምህርት ቤት የደረሰ ወጣት የመሮጥ ጸጋ አለው። ያንን ጸጋ የሚያጎለብተው ልምምድ፣ እንቅልፍና የሞላ ሌማት መሆኑን ጥናቱም የሯጮቻችን ማዕድም ይመሰክራል። ጣሳው ከእነዚህ በኋላ በአራተኛ ደረጃ ይምጣ፤ ላይመጣም ይችላል።

ጉባኤው በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ ሲሰጥ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት፣ ያ ገንዘብ የአንድ ቡድን ጣሳ መግዣ ወይም የሠላሳና የአርባ ወንድሞችና እኅቶች የልምምድ ቁርስ መሆኑን አስቡ። እኛ ድምፃችንን ለቁርሱ እንሰጣለን፤ እናንተም አብራችሁን እንድትቆሙ እንጠይቃለን።